መቶ አለቃው የጻፈው ስም

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ኮምፒውተር መጀመሪያ የነኩት የት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ፖሊስ አጠገቤ ቆሞ» እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው ስቄ ወደ ትምህርቱ እመለሳለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ እስከ ዛሬ ብቻዬን ይዤው የቆየሁት ነገር ስላለ፣ ከእኔ ጋር ሳይቀር ላጫውታችሁ።

ያኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ትኬት ይሸጥ ነበር። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አክብሮ ብዙም አልቆየም። ሽብሩ አልፏል ይባላል፤ ሰዉ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር እንደለመደ ቀርቷል። እኔ ለዚህ ሁሉ ደንታ አልነበረኝም። የኔ ልክፍት ሌላ ነበር።

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ፣ የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረ። ከእኔና ከጓደኛዬ ከሁመድ በቀር የገለጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁመድ የአፋር ልጅ ነው፤ አጎቱ ጋ ተቀምጦ ይማር ነበር። ሁለታችንም ኮምፒውተር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ስለዚህ እኔ ፕሮግራሙን በወረቀት እጽፋለሁ፣ ሁመድ ደግሞ ማሽን ይሆናል። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ መስመር በመስመር ይፈጽምልኛል። ስህተት ያለበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ብለምነው፣ ብቆጣው አያልፍም። «ያልጻፍከውን አላደርግም» ነው መልሱ። በዚህ ተኳርፈን የዋልንበት ቀን ብዙ ነው። ቁልፎቹን ደግሞ ከመጽሐፉ አይተን ካርቶን ላይ ሥለን ጣታችንን እናለማምድ ነበር። እናቴ ይህን ስታይ «ልጄን ምን ነካብኝ» እያለች ጸበል ልትወስደኝ ትዝት ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ የባቲ ሰው ናት። አዋሽ ላይ ሱቅ አላት፤ በባቡር እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ እየወረደች ዕቃ ታመጣለች። ከምታመጣው ሬዲዮ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ የሚበላሸውን የማስተካክልላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ለድካምህ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ከመጽሐፉ ወረቀት ላይ የገለበጥኩትን የኮምፒውተር ሥዕል አሳየኋት።

«ይኼማ የጽሕፈት መኪና ነው» አለች።

«አይደለም እትዬ። ይኼ ያስባል።»

«የሚያስብ ቢሆን ጅቡቲን ጥሎ አዋሽ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብላ ሳቀችብኝ። ሥዕሉን ግን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

እዚህ ላይ የዚያን ጊዜ የባቡር ልማድ ልንገራችሁ። ፊናንሶች ኮንትሮባንድ ሊፈትሹ ሲገቡ ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ለተሳፋሪው ያድላሉ። አንዱ ሁለት ሸሚዝ ይይዛል፣ አንዷ ሽቶ፣ ሌላው ሬዲዮ። ፊናንሱ «የማን ነው?» ሲል ሁሉም «የኔ ነው፣ ለቤቴ ነው» ይላል። ባቡሩ ኬላውን ሲያልፍ ሁሉም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የጠፋ ዕቃ ሰምቼ አላውቅም።

የዚያን ቀን ሁመድ ከባቡር ጣቢያው መጣ። ሁመድ ወሬ ሲያመጣ እንደ አገሩ ልማድ ነው፤ ተቀምጦ፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ከራሱ ሳይጨምር ይነግርሃል።

«እትዬ ከድጃን ወሰዷት» አለ። «ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የሚከተለውን አብረዋት ከነበሩት ሴቶች ሰማሁ። ፊናንሶቹ ሲገቡ ዕቃዋን አደለች። አንዱን ግን የሚይዝላት አጣች። ጥቁር ነው፣ ፊደል ፊደል አለበት። ሁሉም ‹ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?› እያለ መለሰላት። እሷም ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።»

«ከዚያስ?»

«ፊናንሱ ‹ምንድን ነው?› አላት። ‹አላውቅም› አለች። ‹የማን ነው?› አላት። ‹የኔ› አለች። የጽሕፈት መኪና ነው ብለው ለፖሊስ ሰጧት። የፖሊሱ መቶ አለቃ ‹ያዘዘሽን ሰው ተናገሪና ሂጂ› ብሏታል አሉ። ዝም ብላለች።»

የጽሕፈት መኪና በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ለወጣቶቹ ማስረዳት ይከብዳል። ሌላው ኮንትሮባንድ ዕቃን ያስወርሳል፤ የጽሕፈት መኪና ግን ሰውን ያስወስዳል። በራሪ ወረቀት የሚጻፈው በምን ሆነና። እትዬ ከድጃ አንዲት ቃል ብትናገር ቤቷ ገብታ ታድር ነበር። ያቺ ቃል የኔ ስም ናት።

ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስምህን ጠርታለች?»

«አልጠራችም።»

«ካልጠራች አንተ ምን አገባህ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አርፈህ ተቀመጥ።»

«እሷስ አባባ?»

«እሷ ትልቅ ሰው ናት። የምታደርገውን ታውቃለች።» ይህን ሲል ግን ዓይኔን አላየኝም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሲወሰዱ መስኮቱን ዘግቶ የኖረ ሰው ነው፤ መስኮቱን በመዝጋቱ ነው ያደግነው። እሱ ከቤተ መጻሕፍቱ ተውሼ ያመጣሁትን መጽሐፍ ሊደብቅ ወደ ጓዳ ሲገባ እኔ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ሁመድ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቀናን።

መቶ አለቃ ደምሴ ወደ አዋሽ ከተዛወረ ገና አጭር ጊዜው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሌሎቹ ይጮሃሉ፤ እሱ ስለማይጮህ ሰው ይበልጥ ይፈራው ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነበረ። ወደ እሱ ላለማየት ብታገልም ዓይኔ እምቢ አለኝ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህ ዕቃ የኔ ነው። እንድታመጣልኝ የለመንኳት እኔ ነኝ።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«አባትህ መምጣትህን ያውቃል?»

«አትሂድ ብሎኛል።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ኮምፒውተር ነው። የጽሕፈት መኪና አይደለም። ወረቀት የሚገባበት ቦታ ካለው እኔም ልታሰር።»

አፌን ምን እንዳከነፈው አላውቅም። ማሽኑን አገላበጠ፤ ከሥሩ አየ፤ ከጀርባው አየ። ወረቀት የሚገባበት የለም።

«ታዲያ የሚጽፈው የት ላይ ነው?»

«ቴሌቪዥን ላይ።»

«ሠርተህበት ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ካርቶን ላይ ነው የተለማመድኩት።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «ስማ» አለኝ ተነሥቶ። «ከሠራ እናያለን። ካልሠራ ሴትዮዋንም አንተንም ወደ ላይ እልካችኋለሁ። እዚያ እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣችሁ የለም።»

ቴሌቪዥን ያለው ቀበሌው አዳራሽ ነው። የሚቀመጠው በእንጨት ሳጥን ተቆልፎበት ሲሆን ቁልፉ ያለው ከሊቀመንበሩ ከጓድ ሐሰን ጋር ነው። ጓድ ሐሰን ነገሩን ሲሰማ ሳጥኑ ፊት ቆመ።

«ይህቺን ነገር ያስተካከላት ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም። የአብዮት በዓል ደርሷል። ሰልፉን ሕዝቡ የሚያየው በምንድን ነው? ብትበላሽ ማነው የሚጠየቀው?»

«እኔ» አለ መቶ አለቃው።

ሊቀመንበሩ ከፈተልን። ቴሌቪዥኑ የጣቢያ መምረጫ ቁልፎች ነበሩት። ዜና የሚመጣበትን የመጀመሪያውን እንደማልነካ ለጓድ ሐሰን ምዬ የመጨረሻውን ተጫንኩ። የማሽኑን ገመድ አንቴናው ቦታ ሰካሁ። የማሽኑንም የቴሌቪዥኑንም መብራት በአንድ ማከፋፈያ ሰካሁ። መስታወቱ ላይ የሚንጫጫ ነጠብጣብ ብቻ፤ በረዶ። አዋሽ ላይ ቴሌቪዥን ማለት ዘወትርም ቢሆን ግማሹ በረዶ ነው፤ ይህ ግን ምንም የሌለበት ሙሉ በረዶ ነበር። ትንሿን ማስተካከያ በጥፍሬ ማዞር ጀመርኩ። ላቤ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል። አዳራሹ በቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው። አዞርኩ። በረዶ። ደግሜ ከመጀመሪያው አዞርኩ። ያው በረዶ።

«እንግዲህ» አለ መቶ አለቃው ከኋላዬ።

«ቀስ» አለኝ ሁመድ። «አለፍከው። ቅድም ጥቁር ነገር ብልጭ ብሏል። ወደ ኋላ መልሰው።»

መለስኩት። ሹልክ ብሎ የሄደ ጥላ ታየ። ትንፋሼን ይዤ በጥፍሬ በስሱ ነካ አደረግኩት። በረዶው ተገለጠና ንጹሕ ነጭ ሰሌዳ ወጣ። ከላይ አንዲት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሯ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። መጽሐፉ ውስጥ እንደነበረው ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁመድን ሳየው እሱም እንደኔው ሆኗል። ለአንድ አፍታ እትዬ ከድጃንም፣ ፖሊሱንም፣ አባቴንም ረሳኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ የማውቀው በልጆቼ መወለድ ብቻ ነው።

«ምን ይጠብቃል?» አለ መቶ አለቃው።

«እኛን።»

ልቤ ሞላ። ከሁመድ ጋር በወረቀት ስንት ጊዜ የሠራናትን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ጣቴ ቁልፎቹን ያውቃቸው ነበር። ሁመድ በላዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ይከታተላል፤ አንድ ቦታ ላይ «ይኼን አላልፍም» ብሎ ስህተቴን አሳየኝ። አረምኩ። ፕሮግራሟ ሰውን ስሙን ትጠይቃለች፣ መልሱን ስታገኝ በስሙ ጠርታ ሰላም ትለዋለች። ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ ነው የመረጥኳት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ስምዎን ይጻፉ።»

ፊደሎቹን በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። ማሽኑም በላቲን ፊደል «ሰላም ደምሴ» አለው።

ጓድ ሐሰን ሳቀና ጭኑን መታ። ብቻውን ነበር የሳቀው። የመቶ አለቃው ፊት ጠቁሯል።

«ስሜን ያዘው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ከዚያ…»

«የት ነው ያስቀመጠው?»

እዚህ ላይ ነው የሠራሁት ሞኝነት የገባኝ። በመጽሐፉ አገር ስም መጠየቅ ጨዋታ ይሆናል። በእኛ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ስም የሚጠይቅና የሚመዘግብ ነገር ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ስሙን የሚሰጥ ሰው ወዴት እንደሚሄድበት ሳያውቅ አይሰጥም። እኔ ደግሞ የፖሊስ አዛዥን ነው ስም የጠየቅኩት። የጓድ ሐሰን ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

«ይረሳዋል» አልኩ። ሄጄ ማከፋፈያውን ነቀልኩ። ሰሌዳው ጠፋ። መልሼ ሰካሁት፤ ያቺው ባዶ መስመር ወጣች። «ይኸው የለም። ፕሮግራሙም የለም። ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል።»

ማሽኑን ዳሰሰ። ጣቱ ከጀርባው ያለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ላይ ቆመ። «ይህችስ ለምንድን ናት?»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ቀዳዳዋን አውቃታለሁ። ቴፕ የሚሰካባት ናት፤ የተጻፈው ሁሉ እንደ ሙዚቃ ካሴት ላይ ይቀዳባታል። ይህን ከነገርኩት ማሽኑ የጽሕፈት መኪናን የሚያስንቅ ሊሆን ነው። ጽሑፍን ካሴት ውስጥ የሚደብቅ ዕቃ ተይዞ እትዬ ከድጃን ማን ሊለቃት? ከሸሸግኩት ደግሞ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢጠራ፣ ሁለታችንም አለቀልን። ዕጣዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ሁመድን አየሁት። ሁመድ ያልተጻፈ ነገር አያደርግም። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ቴፕ ከተሰካባት» አልኩ፣ «የተጻፈው ካሴት ላይ ይቀራል። ሳይሰካባት ከጠፋ ግን የትም አይቀርም።»

ጣቱን ከቀዳዳዋ ላይ አላነሣም። ገደልኳት ብዬ አሰብኩ።

«ጓድ ሐሰን፣ ወደ ውጭ ውጡልኝ» አለ። «አንተም» አለው ሁመድን። እኔም ልወጣ ስል «አንተ ቁጭ በል» አለኝ። በሩ ተዘጋ።

ወንበር ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ቆቡን አወለቀ። «አሁን ቴፕ አልተሰካበትም?»

«አልተሰካም።»

«እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቴፕ አለ?»

«የለም።»

በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀመረ። አንዱን ፊደል ከመጫን ሌላውን እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጅበታል። ስም ነበር። የሰው ስም ከነአባቱ። ጨርሶ እጁን ጭኑ ላይ አደረገና አየው። ዝም ብሎ አየው። ፊቱ የሚቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የሚያዝንም ነው ለማለት አልደፍርም። የሆነ ቦታ ላይ ከንፈሩ ስሙን ያለ ድምፅ አለው። እኔ እግሬን እንኳን ማንቀሳቀስ ፈርቼ ነበር።

«ይህንንም ይረሳል?»

«ይረሳል።»

«ማንም አያገኘውም?»

«ማንም።»

ተነሥቶ ማከፋፈያውን ራሱ ነቀለው። ሰሌዳው ጠፋ፤ ለጥቂት ጊዜ መሐሉ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ቀርታ ነበር፣ እሷም ሄደች። ቆቡን አደረገ። በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? መርሳት ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ ጓድ መቶ አለቃ።»

ውጭ ወጥቶ ለጓድ ሐሰን «የልጆች መጫወቻ ነው» አለው ጮክ ብሎ። «ጊዜያችንን ነው ያባከንነው።»

እትዬ ከድጃ ለመግሪብ ሶላት ቤቷ ደረሰች። ማሽኑ አልተመለሰም፤ ኮንትሮባንድ ነውና ተወረሰ። የት እንደገባ አላውቅም። በር ላይ ሳገኛት ትመታኛለች ብዬ ነበር። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

«ወላሂ ስምህን አልጠራሁም» አለችኝ።

«አውቃለሁ እትዬ። ለምን አልጠራሽም?»

«የሰው ልጅ ስም በኔ አፍ ይግባላቸው? አላህ ያውቀኛል።» ከዚያ ለቀቀችኝና «አንተስ ለምን መጣህ? እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል ብዬ ነበር» አለች። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። አልተቆጣኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን መስኮት ሲከፈት እያየ መዝጋቱን ተወ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ከሰዓት ሕይወቴን ለወጠው ስል ኮምፒውተር አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሰመራ ላይ የማስተምራቸው ልጆች ስልካቸው ውስጥ ያን ማሽን ሺህ ጊዜ የሚያስንቅ ነገር ይዘው በባጃጅ ይመጣሉ፤ ደስ ይሉኛል። ስማቸውን ለጠየቃቸው ነገር ሁሉ ሳያቅማሙ ይጽፋሉ። ልቆጣቸው አልችልም፤ እኛ የፈራነውን እነሱ አልፈሩም። ለእኔ ግን ማሽን ማለት እስከ ዛሬ ሰው የሚተማመንበትና የሚፈራው ነገር ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠውም ሰው የሚታመን መሆን አለበት። የቀዳዳዋን እውነት ባልናገር ኖሮ ያ ሰው በኔ ፊት አንዲት ፊደል አይነካም ነበር ብዬ አምናለሁ። እትዬ ከድጃም በዚያ ምሽት ቤቷ አትገባም ነበር።

ለመርሳት ሞክሬያለሁ። ማሽኑ በአንድ አፍታ ረሳው፤ እኔ አልቻልኩም። ስሙ የወንድሙ ይሁን፣ የጓደኛው ይሁን፣ በራሱ እጅ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ይሁን አላውቅም። ሐዘን ይሁን ጸጸት አላውቅም። መንግሥት ሲለወጥ ሰውዬው የት እንደደረሰም አልሰማሁም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለሁመድ እንኳን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። እዚህም አልጽፈውም። ማንም አያገኘውም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁና።

ይሁንና ከእናንተ መሐል በዚያ ዘመን ሰው የጠፋበት፣ መቃብሩን ያላገኘ፣ ዛሬም ስሙ ሲጠራ ሆዱ የሚባባ ካለ፣ እኔን ስሙን አትጠይቁኝ። እናንተ ንገሩኝ። ያ ስም ከሆነ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ አንድ ቀን አዋሽ ላይ አንድ የደርግ መቶ አለቃ ቆቡን አውልቆ ያን ስም በአንድ ጣቱ ጽፎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ለረጅም ጊዜ እንዳየው እመሰክርላችኋለሁ።